የጃፓን ጥንታዊ የእንጨት ሳጥን (ታንሱ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባቴ አናጢ ነበር። እኔም የእንጨት ሥራ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማዕዘኑ ነው። ከዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የአባቱን ቤት ሲያስለቅቅ ከተሸጡት ዕቃዎች መካከል አንድ አሮጌ የጃፓን የልብስ ሳጥን ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ስለሱ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄዎቹም በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታንሱ ምንድን ነው?

ጃፓኖች ልብስ፣ ሰነድ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት ወይም የወጥ ቤት ዕቃ የሚያስቀምጡበት፣ ከእንጨት ተሠርቶ ጠርዙና መቆለፊያው በብረት የሚለበጥ ባለ መሳቢያ ሳጥን ነው። ስሙ ብቻውን ሲጠራ «ታንሱ» ነው። ከፊቱ ሌላ ቃል ሲገባ ግን «ዳንሱ» ይሆናል፦ ኢሾ-ዳንሱ የልብስ፣ ቾባ-ዳንሱ የነጋዴ፣ ሚዙያ-ዳንሱ የወጥ ቤት፣ ኩሱሪ-ዳንሱ የመድኃኒት፣ ፉና-ዳንሱ የመርከብ። ሁለቱን ስሞች ሰምተው ግራ ከተጋቡ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

አቆጣጠሩም የራሱ ታሪክ አለው። ጃፓኖች ታንሱን ሲቆጥሩ «ሂቶ-ሳኦ፣ ፉታ-ሳኦ» ይላሉ፤ ሳኦ ማለት ረጅም ዘንግ ነው። ሳጥኑን ሁለት ሰዎች በዘንግ አንጠልጥለው በትከሻቸው ይሸከሙት ስለነበር «አንድ ዘንግ፣ ሁለት ዘንግ» እየተባለ መቆጠሩ ልማድ ሆነ። በብዙ አሮጌ ሳጥኖች ጎን ላይ ወደ ላይ የሚነሳ የብረት ማንጠልጠያ ያገኛሉ፤ ዘንጉ የሚገባው እዚያ ነው። ታንሱ ከመነሻው ተነስቶ እንዲሄድ የታሰበ ዕቃ ነው። ይህን ከያዝን የቀረው ነገር ሁሉ፣ የእንጨቱ ቅለትም፣ ላይና ታች ሆኖ ሁለት ቦታ መከፈሉም፣ የብረቱ ጥንካሬም፣ ምክንያቱ ይገባናል።

ክዳን ያለው ሳጥን እያለ መሳቢያ ለምን አስፈለገ?

በሴት አያቶቻችን ሳጥን ውስጥ ዕቃ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም። የሚፈለገው ነጠላ ሁልጊዜ ከታች ነው፤ እሱን ለማውጣት የላዩ ሁሉ ይተራመሳል። ጃፓኖችም ለብዙ ምዕተ ዓመታት የተጠቀሙት በባለ ክዳን ሳጥን ነበር። ባለ መሳቢያው ታንሱ መታየት የጀመረው በኤዶ ዘመን (1603–1868)፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የጥጥ ልብስ ተስፋፍቶ የከተማ ሰው የልብሱ ቁጥር ሲጨምር፣ ነጋዴውም መዝገቡና ደረሰኙ ሲበዛ፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማውጣት የሚቻልበት ዕቃ አስፈለገ።

ፍላጎቱ ብቻ ግን አይበቃም። መሳቢያ ቀጭንና ወጥ የሆነ ብዙ ጣውላ ይፈልጋል። ግንድን ወደ ጣውላ የሚሰነጥቀው የሁለት ሰው ትልቅ መጋዝና የእንጨት አካል ያለው መላጊያ ቀድመው በአናጢዎች እጅ መግባታቸው ነው ነገሩን ያስቻለው። የጃፓን አናጢ መጋዙንም መላጊያውንም ወደ ራሱ እየሳበ እንጂ እየገፋ አይሠራም። ሲሳብ ምላጩ ስለሚወጠር በጣም ስስ መጋዝ መጠቀም ይቻላል፤ ስስ መጋዝ ደግሞ ጠባብ መስመር ይቆርጣል። የመገጣጠሚያዎቹ ጥራት አንዱ ምሥጢር ይህ ነው።

ጎማ ያለው ታንሱ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን መጥፎ ትዝታ አለበት። ከእሳት ሲሸሹ እየገፉ ለማውጣት ተብሎ ከሥሩ የእንጨት መንኮራኩር የተገጠመለት ትልቅ ሳጥን ነበር። በ1657 ኤዶን፣ የዛሬዋን ቶኪዮ፣ ያወደመው የሜይረኪ ቃጠሎ ሲነሳ ሕዝቡ እነዚህን ሳጥኖች እየገፋ መንገድ ላይ ወጣ። ጠባቦቹ መንገዶችና ድልድዮች ተዘጉ፤ ብዙ ሰውም መውጫ አጥቶ አለቀ። ባለ መንኮራኩሩ ሳጥን ከዚያ በኋላ በትልልቆቹ ከተሞች ተከለከለ። ሰዉ ወደ ትናንሽና በዘንግ ወደሚነሱ ሳጥኖች እንዲያዘነብል ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ቃጠሎ ነው።

ከዓይነቶቹ ሁሉ የትኛው ነው የተለየው?

ለእኔ የመርከቡ ሳጥን ነው፤ ስለሱ ስጽፍ ቢረዝምብኝ ይቅርታ።

በኤዶ ዘመን ማብቂያና በሜጂ ዘመን (1868–1912) ኪታማኤ-ቡኔ የሚባሉ የንግድ ጀልባዎች ከኦሳካ ተነስተው በሺሞኖሴኪ ዞረው በጃፓን ባሕር ዳርቻ እስከ ሆካይዶ ይጓዙ ነበር። ባለቤቶቻቸው የሰው ጭነት በክፍያ የሚያመላልሱ ብቻ አልነበሩም፤ በየወደቡ ራሳቸው እየገዙ ራሳቸው ይሸጡ ነበር። ወደ ሰሜን ሩዝ፣ ጨው፣ ሳኬና ልብስ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ የደረቀ የባሕር ሣርና ከዓሣ የተሠራ ማዳበሪያ። ስለዚህ የመርከቡ አለቃ አጠገብ ሁልጊዜ ገንዘብ፣ ማኅተም፣ የመርከቡ ፈቃድና የሂሳብ መዝገብ መኖር አለበት። ፉና-ዳንሱ የተሠራው ለዚህ ነው።

መጠኑ ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው አቅፎ ያነሳዋል። ውጪው ኬያኪ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው፤ ፊቱም እንጨቱ እስከማይታይ ድረስ በብረት ይሸፈናል። የውጪውን በር ሲከፍቱ ሌላ ዓለም ነው፦ ኪሪ ከሚባለው ቀላልና ነጭ እንጨት የተሠሩ መሳቢያዎች፣ መሳቢያውን አውጥተው ከኋላው ሲዳስሱ ሌላ ሳጥን፣ የዚያን ሳጥን አንዱን ጎን ወደ ላይ ሲገፉት ደግሞ ሌላ ትንሽ ቦታ። ሌባ ሳጥኑን ሰብሮ ቢገባ እንኳ ወርቁ የት እንዳለ ለማግኘት ጊዜ ይፈጅበታል። ማዕዘኖቹ በጥንቃቄ የተገጣጠሙ በመሆናቸው፣ ኪሪውም እርጥበት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን ስለሚዘጋ፣ መርከቡ ቢሰጥም ሳጥኑ እንዲንሳፈፍና ወረቀቱ እንዲድን ነበር ዓላማው።

ቅርጹ ሦስት ዓይነት ነው፦ በማጠፊያ የሚከፈት አንድ በር ያለው ካኬሱዙሪ፣ ፊቱ ተነስቶ የሚወጣውና ልብስ የሚቀመጥበት ሃንጋይ፣ እንዲሁም በሮችና መሳቢያዎች የተቀላቀሉበት የሂሳብ ሳጥን ቾባኮ። ስማቸው የገነነው ሦስት ወደቦች ናቸው፦ በሳዶ ደሴት ያለችው ኦጊ፣ ሳካታ እና ሚኩኒ። የባቡር ሐዲድና ቴሌግራፍ ሲመጣ ዋጋ በየወደቡ በአንድ ቀን መታወቅ ጀመረ። በዋጋ ልዩነት የሚኖሩት ጀልባዎች ከሥራ ወጡ፤ ሳጥኑም አብሯቸው ቆመ።

ደረጃ የሚመስለውስ?

ካይዳን-ዳንሱ ይባላል። እውነተኛ ደረጃ ነው፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ እንዳይባክን በመሳቢያና በተንሸራታች በር የተሞላ። ጠባብ በሆኑ የነጋዴ ቤቶች ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣው በእሱ ላይ ነበር። ዛሬ በብዛት ተመስሎ የሚሠራው ይኸው ስለሆነ ሲገዙ ይጠንቀቁ።

የሚሠራው ከምን እንጨት ነው?

ሁለቱን ቢያውቁ ይበቃል፤ ሌሎቹ፣ ሱጊ፣ ሂኖኪና ቼስትነት፣ በአብዛኛው ለአካሉና ለጀርባው የሚገቡ ናቸው።

ኬያኪ ጠንካራ፣ ከባድና እንደ ውኃ ሞገድ የሚጠማዘዝ የእንጨት መስመር ያለው ነው። ለፊት ለፊት ይመረጣል። ኪሪ ደግሞ የፓውሎኒያ ዛፍ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኪሪ 300 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲመዝን ኬያኪ ከእጥፍ በላይ ይመዝናል። እኔ የመጀመሪያ ቀን መሳቢያውን ሳወጣ ባዶ ካርቶን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። እንጨቱ ለስላሳ በመሆኑ በጥፍር ይጫራል፤ ነገር ግን አይጣመምም፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ሙቀት በውስጡ በቀላሉ ስለማያልፍ እሳት ሲይዘው ላዩ ከስሎ ውስጡ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ውኃ ሲረጭበትም ያብጥና ይዘጋል። በቃጠሎ ጊዜ ውጪው ጠቁሮ ልብሱ የዳነ ታንሱ በጃፓን በተደጋጋሚ የሚነገርለት በዚህ ምክንያት ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ጣውላው ወዲያው አይሠራበትም። ውጪ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ዓመታት ይቆማል፤ ውስጡ ያለው መራራ ጭማቂ ታጥቦ እስኪወጣ። ይህን ያልጠበቀ ሠሪ ሳጥኑ በኋላ ይጠቁርበታል።

ሴት ልጅ ስትወለድ ዛፍ ይተከላል የሚባለው?

አዎ፣ የኪሪ ዛፍ ይተከል ነበር። ኪሪ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ልጅቷ ለትዳር ስትደርስ ዛፉም ለጣውላ ይደርሳል። ያኔ ተቆርጦ ልብሷን ይዛ የምትሄድበት ሳጥን ይሠራበት ነበር። የሙሽራዋ ጓዝ በሰልፍ ወደ ባሏ ቤት ሲሄድ ሳጥኑ ሰው ሁሉ የሚያየው ዕቃ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያለው ብረት እንዲያ የተጌጠውም ለዚህ ነው።

ያለ ምስማር ነው የሚሠራው ይባላል። እውነት ነው?

ያለ *ብረት* ምስማር ቢባል ለኪሪ ሳጥን ይቀርባል። ማዕዘኖቹ እንደ ተጠላለፉ የሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርስ ተነካክሰው ይያዛሉ። ምርጥ በሆነው ሥራ ላይ ጥርሶቹ ሾጣጣ ናቸው፤ ወደ ፊት ቢሳብ አይለቅም። የሚመታው ምስማር ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ነው። የእንጨቱ ምስማር ኡትሱጊ ከሚባል ጠንካራ ቁጥቋጦ ይቀረጻል፤ ከዚያ ከሩዝ ገለባ ብናኝ ጋር በመጥበሻ ይቆላል። አዎ፣ እንደ ቡና ይቆላል። ሲቆላ እርጥበቱ ይወጣል፤ በሳጥኑ ውስጥ ከተመታ በኋላ ከአየሩ እርጥበት ይስብና ያብጣል፤ ያኔ ማንም አይነቅለውም። ብረት በኪሪ ውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም ነጩን እንጨት ያበላሻል፤ የእንጨት ምስማር ግን ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይላጋል። ማጣበቂያው ደግሞ የበሰለ ሩዝ በጣውላ ላይ ተደቁሶ የሚሠራ ሙጫ ነበር።

የብረቱ ጌጥ በብረት ምስማር ነው የሚያዘው፤ በእጅ የተቀጠቀጠና አራት ማዕዘን አንገት ያለው።

ላዩ ላይ ያለው የሚያበራ ቅብ ቫርኒሽ ነው?

አይደለም። ኡሩሺ ይባላል፤ በዚሁ ስም ከሚጠራ ዛፍ ግንድ ተጫጭሮ የሚወጣ ወተት ነው። ዛፉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካደገ በኋላ በበጋቸው፣ በሙቀቱ ወራት፣ ይደማል፤ ከአንድ ዛፍ የሚገኘው ጠቅላላ መጠን 200 ግራም አካባቢ ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ እንደማለት። ዛሬ የጃፓን የራሷ ኡሩሺ አብዛኛው የሚገኘው ኢዋቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ከምትገኘው ጆቦጂ ነው።

ብዙ ሰው የሚገርመው ይህ ቅብ በመድረቅ አለመጠንከሩ ነው። የሚጠነክረው እርጥበት ባለበት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ደረቅ አየር ላይ ቢተዉት እንደለሰለሰ ይቀራል። እርጥቡ ቆዳ ሲነካ ክፉኛ ያሳክካል፣ ሽፍታ ያወጣል። ከጠነከረ በኋላ ግን ምግብ ይቀርብበታል፤ አሲድ እንኳ አይበግረውም። ዋናው ጠላቱ የፀሐይ ብርሃን ነው።

በሰንዳይ ከተማ ሳጥኖች ላይ ኪጂሮ-ኑሪ የሚባለው አሠራር አለ፦ ቀይ ቡናማ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ኡሩሺ እየተቀባ፣ እየጠነከረ፣ እየተፋቀ፣ እንደገና እየተቀባ ይደጋገማል። መጨረሻ ላይ የኬያኪው መስመር በጥልቅ ውኃ ሥር እንዳለ አሸዋ ይታያል።

ብረቱ ለጌጥ ነው ወይስ ለጥንካሬ?

ሁለቱንም ነው፤ የጌጡ ሚዛን ግን በየዘመኑ ይለያል። በቀደሙት ሳጥኖች ላይ ማዕዘንና መቆለፊያ ላይ ብቻ ነበር። በሜጂ ዘመን የመደብ ገደብ ሲነሳ፣ ገበሬውም ነጋዴውም የፈለገውን ሲገዛ፣ ብረቱ ፊቱን ሁሉ ሸፈነው፦ ሽመላና ኤሊ ለረጅም ዕድሜ፣ ጥድ፣ ቀርከሃና የፕለም አበባ ለመልካም ዕድል፣ ዘንዶ፣ አንበሳ፣ የቤተሰብ ዓርማ። ቀጥቃጩ ቀጭን የብረት ሰሌዳ ላይ ንድፉን ይነድፋል፤ በመሮ ይቆርጣል፤ ከኋላ እየመታ ወደ ፊት ያሳብጠዋል። ጥቁር ቀለሙ እንደ ድስት ጥላሸት በላዩ ላይ የተለቀለቀ አይደለም፤ ብረቱ ሞቆ ኡሩሺ የተቃጠለበት ነው። ስለዚህ ብረቱን አፅድቼ ብር አስመስላለሁ ያለ ሰው ዝገት መከላከያውን ነው የሚፍቀው።

የትኛው አካባቢ ነው የሚታወቀው?

ሰንዳይ በኬያኪ፣ በኡሩሺና በብረት። እዚያ አናጢው፣ ቀቢውና ቀጥቃጩ ሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። ኢዋያዶ በኢዋቴ፤ እዚያ ሳጥን መሥራት የተስፋፋው በ1780ዎቹ የአካባቢው ገዥ ሕዝቡ በሩዝ ብቻ እንዳይንጠለጠል ብሎ ስላበረታታው ነው። ያንን ውሳኔ ሳስበው እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ፤ ሥራው አሁንም አለ። በኒጋታ ያለችው ካሞ የኪሪ ከተማ ናት፤ ከጃፓን የኪሪ ታንሱ 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከሷ ነው። ዮኔዛዋ፣ ሳዶ፣ ካሱካቤ፣ ኤቺዜንና ዋካያማም አሉ። መንግሥት ከ1974ቱ ሕግ ወዲህ ለባህላዊ ዕደ ጥበብ ዕውቅና ይሰጣል፤ ካሞ በ1976፣ ኢዋያዶ በ1982፣ ሰንዳይ በ2015 ተመዝግበዋል።

የሳሙራይ ሳጥን ነው ብለው ሸጡልኝ። እውነት ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ግን ዛሬ ገበያ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ሳጥኖች በሜጂና በታይሾ (1912–1926) ዘመን ለነጋዴና ለገበሬ ቤት የተሠሩ ናቸው። ሻጭ ይህን ስም የሚወደው ዋጋ ስለሚጨምርለት ነው። ለአንድ ገበሬ ልጅ ሠርግ መሠራቱ ሳጥኑን በምንም አያሳንሰውም።

ዕድሜውን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ፊቱን አይመልከቱ። መሳቢያውን ያውጡና ይገልብጡት።

ፊት ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ብረቱም ይቀየራል። የመሳቢያው ሆድና ጀርባ ግን ማንም ሊያሳምረው አይደክምም። እጅዎን በጣውላው ጀርባ ላይ ያሳልፉ፤ በእጅ የተላገ ጣውላ ቀለል ያለ ሞገድ አለው፣ የማሽኑ ግን እንደ መስታወት ወጥ ነው ወይም እኩል እኩል የተደረደሩ ጭረቶች ይታዩበታል። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ጠርዝ ለዓመታት ተበልቶ ማለቁን ይመልከቱ፤ ሁለቱም ወገን እኩል ከተበላ ጥርጣሬ ይግባዎት፣ ሰው መሳቢያን ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ አይስብምና። ቀጥሎ ምስማሩን፦ ክብ ሽቦ ምስማር ከምዕራብ በሜጂ ዘመን የገባ ነው፤ አራት ማዕዘኑ ይቀድማል። የብረቱን ውፍረት በጣትዎ ይለኩ፤ በእጅ የተቀጠቀጠው ወፈር ያለና ወጣ ገባ ነው፣ ቀጭንና ወጥ የሆነው የፋብሪካ ሰሌዳ ግን ወደ ሜጂ መጨረሻ ያደርሰናል።

አንዳንዴ ሠሪው ወይም ባለቤቱ በመሳቢያው ሥር ወይም በጀርባው ጣውላ ላይ በቀለም ብሩሽ ይጽፋል። የእኔ ሳጥን ሦስተኛ መሳቢያ ተገልብጦ ሲታይ አምስት ፊደላት አሉት፤ ጃፓንኛ የሚያነብ ጎረቤቴ «ሜጂ 25» የሚል ነው አለኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ዓመት መመንዘር ከልጅነታችን ስለምንለምድ ይህ አይከብደንም፦ በሜጂ ዓመት ላይ 1867፣ በታይሾ ዓመት ላይ 1911 መደመር ነው። ስለዚህ የእኔው 1892 ነው፤ በእኛ ደግሞ 1884 ወይም 1885 ዓ.ም.፣ የክፉ ቀን መጨረሻ። ጣውላውን ስዳስስ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። እያንዳንዱ መሳቢያ ከኋላው «ላይ»፣ «መካከል»፣ «ታች» የሚል ምልክት አለው፤ ቦታቸው ቢለዋወጥ አይገቡም፣ ተለክተው የተሠሩት በአንድ ክፍተት ልክ ነውና።

አንዱን መሳቢያ ስዘጋ ሌላው ይከፈታል። ተበላሽቶ ነው?

ደስ ይበልዎት፤ የጥሩ ሥራ ምልክት ነው። መሳቢያዎቹ ከመጥበቃቸው የተነሳ የሚገፋው አየር መውጫ ያጣና ጎረቤቱን ይገፋዋል። የእኔም ሁለቱ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ልጆቼ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያሳዩት ለጓደኞቻቸው ይህን ነው።

ከውሸተኛው በምን እለየዋለሁ?

ጀርባው ኮምፔንሳቶ ከሆነ አሮጌ አይደለም። እንጨቱ ፊቱ ላይ እንጂ መሳቢያው ውስጥ ዕድሜ ከሌለው፣ የብረቱ ጌጥ ሁሉ በአንድ ቅርጽ የታተመ ከመሰለ፣ ምስማሩ አዲስ ሆኖ ቀዳዳው ግን አሮጌ ከሆነ ይጠይቁ። የኮሪያ ባንዳጂም በስህተት የጃፓን ተብሎ ይሸጣል፤ እሱ የፊቱ ግማሽ ብቻ ወደ ታች የሚከፈት ሳጥን ነው። ራሱን የቻለ ውብ ሥራ ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው።

እዚህ አሜሪካ ክረምቱ፣ ማለትም የብርዱ ወቅት፣ ደረቅ ነው። ሳጥኔ አይሰነጠቅም?

ይሰነጠቃል፤ የእኔ ተሰንጥቋል። በመጀመሪያው ክረምት ከማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው በሁለት ወር ውስጥ የጎኑ ጣውላ ከላይ እስከ ታች ተከፈለ። ይህ ሳጥን የተሠራው እርጥበት በበዛበት አገር ነው፤ ድንገት ደረቅ ሲያገኘው ይኮማተራል። ከማሞቂያ፣ ከአየር ማቀዝቀዣና ከቀጥታ ፀሐይ ያርቁት። ክፍሉ ውስጥ እርጥበት የሚሰጥ ማሽን በክረምት ቢኖር መልካም ነው። ለማጽዳት ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ በቂ ነው። የቤት ዕቃ ዘይትና የሚረጭ ማብሪያ አያስነኩት፤ ኪሪ እንደ ስፖንጅ ይጠጣውና ቀለሙ ተመልሶ አይመጣም።

ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ብቀባውስ?

እባክዎ አያድርጉት። ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራውን ቀለም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጣሉ።

ታዲያ አሮጌ ሳጥን ይታደሳል?

የኪሪ ሳጥን ይታደሳል፤ ሲሠራም ይታሰባል። ጣውላው ሙሉ ኪሪ ነው፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ስስ ልባጥ የለውም፤ ምስማሩም እንጨት ስለሆነ መላጊያው አይሰበርበትም። ባለሙያው ብረቱን ነቅሎ ሳጥኑን በሙቅ ውኃ ያጥበዋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ስስ የኪሪ ቁራጭ ያስገባል፤ የጠቆረውን ላይ በቀጭኑ ይልጋል። ነጩ እንጨት እንደገና ይወጣል። ከዚያ በደረቅ ሣር ብሩሽ እየፈተገ የእንጨቱን መስመር ያወጣዋል፣ የዛፍ ፍሬ ተቀቅሎ ከተገኘ ጭማቂ ጋር የተበጠበጠ ስስ ሸክላ ዱቄት ይቀባዋል፣ በመጨረሻም ሰም ያስነካዋል። እናት ለሠርጓ ያገኘችው ሳጥን ለልጇ ሠርግ እንዲህ ታጥቦ ይሰጣል። የኬያኪና የኡሩሺ ሳጥን ግን አይላግም፤ እሱ የቀቢ ሥራ ነው፤ ኡሩሺ የሚያውቅ ሰው እስኪያገኙ እንዳለ ይተዉት።

የእኔን ስንጥቅ አላስጠገንኩትም። የኪሪ ቁራጭ የሚያስገባልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ግን እስከሚቀጥለው ክረምት ሳጥኑ ከቤቱ አየር ጋር እስኪላመድ እንድጠብቅ መከረኝ።

ጥሩ ጥሩውን የት ማየት እችላለሁ?

ጃፓን ከሄዱ ቶኪዮ ኮማባ ያለው የጃፓን ሕዝባዊ ዕደ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ በ1936 የከፈተው ያናጊ ሶኤትሱ የመርከብ ሳጥኖችን ዋጋ ለሰው ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የሳዶው የኦጊ ሙዚየም ደግሞ ሳጥኖቹን ይጭኑ የነበሩት ጀልባዎች አምሳያ በሙሉ መጠን ተሠርቶ አለው። ኤቺዜን ከተማ ውስጥ ደግሞ ታንሱ-ማቺ፣ የሳጥን ሠፈር፣ የሚባል መንገድ አለ፤ ሠሪዎቹ አሁንም እዚያ ናቸው።

መሳቢያው አልወጣ ብሎኛል። ምን ላድርግ?

አያስገድዱት፤ በተለይ እጀታውን በሁለት እጅ ይዘው አይጎትቱ፣ የእጀታው ሥር በቀጭን ብረት ብቻ ስለታሰረ ፊቱን ይዞ ይወጣል። መቆለፉን መጀመሪያ ያረጋግጡ። ካልተቆለፈ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል ማለት ነው። ከላዩ ያለውን መሳቢያ አውጥተው በክፍተቱ እጅዎን ያስገቡና የተያዘውን ከኋላው፣ መሃል ለመሃል፣ በቀስታ ይግፉት። እምቢ ካለ ደረቅ ቀን እስኪመጣ ይጠብቁ። ከወጣ በኋላ በሚንሸራተትበት ጠርዝ ላይ ነጭ ሻማ ይሹበት፤ እኔ በየዓመቱ አንድ ጊዜ አደርገዋለሁ።